የሁለት ሰው ዘፈን በአንድ ጉሮሮ

ስማ! ጆሮ ያለህ ቅረብ፣ የሌለህ ተበደር! የሐይቅ ከተማ ነዋሪ፣ የአምባሰል ገበሬ፣ የአርዲቦ ዳር ከብት አርቢ፣ በአውቶቡስ ተሳፍረህ የምታልፍ መንገደኛም ጭምር! ልብስ ሰፊው ሙዘይን አፉን መዝጋት ተምሯል። የሙዘይን ቁመት ከስፌት መኪናው ቁመት ብዙም የማይርቅ ቢሆንም፣ ይህ እርምጃው ግን በከተማችን ታሪክ አቻ የማይገኝለት ስለሆነ፣ የሚመለከተው አካል ሁሉ ከጎኑ እንዲቆም በዚህ ታውጇል።

የሚመለከተው አካል ማን ነው? ብትስቅም፣ አንተ ነህ። ቆይ፣ እንደርስበታለን።

የሙዘይን ሱቅ ከሐይቅ መናኸሪያ ፊት ለፊት ነው። ሱቅ ካልነው ነው። በር አለው፣ ጣሪያ አለው፤ የቀረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። መሀሉ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ተገትሯል። ሲረገጥ ድው፣ ድው፣ ታክ ይላል። ሙዘይን ይህ የህንድ ከበሮ ምት ነው ይላል። እኔ ደግሞ ዘይት የናፈቀው ብረት ነው እላለሁ። በዚህ ጉዳይ አቋማችን እስካሁን አልተቀራረበም።

የሚዘፍነው የድሮ የህንድ ፊልም ዘፈን ነው። ያውም ያገኘውን አይደለም። ወንዱ ከዛፉ ወዲያ፣ ሴቷ ከዛፉ ወዲህ ሆነው እየተሽኮረመሙ፣ ተራ በተራ የሚቀባበሉትን፣ የጥቁርና ነጩን ዘመን ዘፈን ብቻ። ሌላ አገር ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሙዘይን ግን ሁለቱንም መንበር ጠቅልሎ ይዟል። የወንዱን ስንኝ ከደረቱ ያወጣዋል። የሴቷ ተራ ሲደርስ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ሰበቅ ያደርግና ጉሮሮውን እንደ መርፌ ቀዳዳ ያጠበዋል። ከዚያች ቀዳዳ የሚወጣውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ደንበኛ ሁሉ አጎንብሶ ከጠረጴዛው ሥር ያያል፤ ድመት ተረግጣ እንደሆነ ለማጣራት።

ነገሩ የጀመረው በካሴት ነው። በጎረምሳነቱ ከአሰብ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር አንድ የህንድ ካሴት ሰጠው። ቴፑ ካሴቱን በላው፤ ሲበላውም መርጦ ነው የበላው፣ የሴቷን ስንኞች ብቻ። ሙዘይን ክሩን በእስክሪብቶ ጠምጥሞ፣ የተበጠሰውን በጥፍር ቀለም አጣብቆ ሲያጫውተው፣ ወንዱ ይዘፍናል፤ ከዚያ ሽሽሽ የሚል ነገር ይመጣል፤ ከዚያ ወንዱ ተመልሶ ለዚያ ሽሽሽ በፍቅር መልስ ይሰጣል። ሙዘይን ቴፑን አጠፋ። «ሰው እንዴት ብቻውን ይሽኮረመማል?» አለና፣ ደሴ ሲኒማ ቤት የሰማትን እያስታወሰ ክፍተቱን ራሱ ሞላው። ቴፑ ሞተ፣ ካሴቱ ተጣለ፣ ዘመኑ የስልክ ሆነ። ሙዘይን ግን አሁንም ክፍተት ይሞላል።

ህንድኛ ያውቃል ወይ? አያውቅም። ይተረጉማል ግን። ሱሪ ለሚያሰፋ ሙሽራ «ሳላይሽ አላድርም እያላት ነው» ይለዋል። ቀሚስ ለምታስጠብብ ባልቴት «ምነው ከሳሽ፣ ማን ነካሽ እያላት ነው» ይላታል። ልብሴ ለምን አልደረሰም ብሎ ለሚደነፋ ደንበኛ ደግሞ ያው ራሱ ስንኝ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይሆናል። አንድ ጊዜ ደሴ የሚያስተምር ህንዳዊ ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ፣ እጁን አጣምሮ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። በጣም ደስ እንዳለውም ተናገረ። ከዚያ የየትኛው ብሔረሰብ ቋንቋ እንደሆነ ጠየቀ። ሙዘይን ይፈራል? «ሰውየው ከሌላ ክፍለ ሀገር ነው» ብሎ ዘጋው።

ዜማውማ የህንድ መሆኑ ከቀረ ቆየ። ሙዘይን የአምባሰል ልጅ ነው። የአምባሰል ሰው ጆሮ እንደ ወፍጮ ነው፤ በላይ የፈለከውን ጨምር፣ በታች አምባሰል ሆኖ ይወርዳል። ከጎኑ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደሳለኝ ህንዶች ዜማውን ከእኛ እንደወሰዱት ከደመደመ ሰንብቷል። ማስረጃህ ምንድን ነው ሲባል «ሲዘፍን አትሰማም እንዴ?» ይላል። በበራሪ ወረቀት ያደግን ሰዎች እንዲህ ያለውን ክርክር እናከብራለን። ማስረጃው ራሱ ድምዳሜው ሲሆን ማን ያሸንፍሃል?

ከሁሉ የከፋው ሱሪው ነው። ቀኝ እግሩን በወንዱ ስንኝ፣ ግራውን በሴቷ ስንኝ ስለሚሰፋው፣ የሐይቅ ወንድ ቀኝ እግሩ ቀጥ ያለ፣ ግራው የሚሽኮረመም ሱሪ ለብሶ ነው ለዒድም ለመስቀልም የሚወጣው። የሰርግ ፎቶ ብታሳየኝ የሐይቅን ሰው ከወገቡ በታች እለይልሃለሁ።

መሪማ የምትባል ደግ ሚስት ነበረችው። ቻለችው፣ ቻለችው፣ አንድ ቀን ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። «ሙዘይን፣ እዚህ ቤት ባልም አለ፣ ሚስትም አለች። ሁለቱም አንተ ነህ። እኔ ሦስተኛዋ ምን ልሁን?» አለችው። ኮምቦልቻ ሄዳ ዘፈን የማያውቅ ሰው አገባች። አምሮባታል፣ ወፍራለች ይባላል።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ሲኖር ነው ሀኒያ የመጣችው።

ሀኒያ ባሏ ሞቶባት ከደሴ ወደ እናቷ አገር የተመለሰች ሴት ናት። ከሙዘይን ሱቅ ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ቆርቆሮ ዘርግታ የሐይቁን ቆሮሶ አሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። ምላሷ ከዳጣዋ ይብሳል። ደንበኛ አሳው ትንሽ ነው ካላት «አንተስ ትልቅ ነህ? እሱ እንኳ ዋና ይችላል» ትለዋለች። ሰውየው አፍሮ ሁለተኛ ያዛል።

አንድ ከሰዓት ሙዘይን የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እያጠፈ ይዘፍናል። የወንዱን ስንኝ እንደጨረሰ ጨርቁ ከጠረጴዛው ሊንሸራተትበት ሆነ። ሁለት እጁን ለጨርቁ ለመስጠት ሲል የያዘውን ስፒል ሁሉ በከንፈሩ ነከሰው። አፉ ተዘጋ። የሴቷ ተራ ደረሰ፤ ዘፋኝ የለም። በዚያች ባዶ ቦታ፣ ከሚንቸሰቸሰው ዘይት መሀል፣ ከመንገዱ ማዶ የሴቷ ስንኝ መጣ።

ቃሉ እንደ ሙዘይን ቃል ነው፤ ምን እንደሆነ አላህ ይወቀው። ድምፁ ግን… እዚህ ላይ ላላግጥ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ልለፈው። ባጃጆች ቆሙ። ደሳለኝ የደንበኛውን ጺም ግማሽ ላይ ጥሎ ምላጩን ይዞ ወጣ፤ ግማሽ ጺሙም ተከትሎት ወጣ። ሀኒያ ስንኟን ጨርሳ አሳውን ገለበጠች። ሙዘይን አፉን ሲከፍት ስፒሉ ሁሉ ሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ረገፈ።

በማግስቱ ሆን ብሎ ዘፈነ። የወንዱን ጨርሶ ቆመ። ሀኒያ ማዶ ሆና ትንፋሽ ሳበች። ሙዘይንም አብሮ ሳበ። ከዚያ ያ የለመደ አፉ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ የሴቷን ስንኝ ይዞት ነጎደ። ሀኒያ የከፈተችውን አፍ ገጠመችና ከአሳው ሳህን ሎሚ አንስታ ወረወረች። ግንባሩን አገኘችው።

ደሳለኝ እየሮጠ መጣ። «አንተ ዕድለኛ! በእኛ በጥምቀት ሎሚ የተመታ ታጨ ማለት ነው!»

«እኔ እስላም ነኝ እኮ፣ ደሱ።»

«ሎሚ ሃይማኖት አለው እንዴ?»

«ደግሞ የሚወረውረው ወንዱ አይደል?»

«እሱንስ አንተ መች ለይተህ ታውቃለህ? ወንዱም ሴቷም አንተ ነህ።»

ለማንኛውም ሙዘይን ሀኒያን ፈልጓታልና ሽማግሌ ተላከ። የወሎ ነገር ነውና አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን። ደሳለኝ ራሱን ሾመ። ሁለተኛው ሼህ ሙነወር ሆኑ። ሼሁ በሙዘይን ሱቅ ሲያልፉ ከሙስበሃ መቁጠሪያቸው ቀና ሳይሉ «አዑዙ ቢላህ» እያሉ እርምጃቸውን የሚያፈጥኑ፣ በከተማው የታፈሩ አዛውንት ናቸው። ለትዳር ከሆነ ግን ለጠላትም እሄዳለሁ ብለው ተነሡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሀኒያ ልጄ።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ አባባ። ቁጭ በሉ። ለአሳ ነው ለሽምግልና?»

«ለሁለቱም» አለ ደሳለኝ፣ መጥበሻው ላይ ዓይኑን ተክሎ።

«የላካችሁ ሙዘይን ከሆነ ሁለት ሰው መላክ ምን አደከመው? እሱ ራሱ ሁለት አይደል?»

ሼሁ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። «ልጄ፣ ሙዘይን ጨዋ ነው። ሰው አይነካም፣ ሱስ የለበትም…»

«አለበት እንጂ፣ አባባ። የእኔ ተራ ሱስ ሆኖበታል።»

ከዚያ አሳውን ከዘይቱ አውጥታ፣ ሎሚ ጨምቃ ፊታቸው አስቀመጠችና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው።

«ደሴ ቤታችን ከሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ነበር። አባቴ ፊልም አያስገባኝም። ግድግዳው ግን ከልካይ አልነበረም፤ ጆሮዬን ለጥፌበት ነው ያደግሁ። የዘፋኟን ፊት አይቼው አላውቅም። ተራዋን ግን አውቀዋለሁ። ሰውየው ይላል፣ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከዘፈኑ ሁሉ አባባ፣ ያንን ዝም የሚልበትን ነበር የምወደው። ሰው ሲጠብቅሽ በግድግዳ በኩልም ይሰማል። ባሌ አላህ ይዘንለት፣ ክፉ አልነበረም። ግን ሰዎች 'ሀኒያ ደህና ነሽ?' ሲሉኝ 'ደህና ናት' ብሎ እሱ ነበር የሚመልስ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደህና ነበርኩ፣ ማንም ሳይሰማኝ። አሁን ደግሞ ዘፈኔን የሚዘፍንልኝ ባል ላግባ?»

ደሳለኝ አሳውን ረሳው፤ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

«እና ምን ይደረግ፣ እታለም?»

«የራሱን ብሎ የእኔን ይተውልኝ። ተደብቆ አይደለም፣ ሰው ፊት፣ በዚህ መንገድ ላይ። ከተወልኝ በተራዬ እመልስለታለሁ። ከመለስኩለት ኒካሁን እሰሩ። ካልሆነለት ግን አሳ እንዲበላ ልሸጥለት እችላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለንም።»

ይህችን ሴት አንብብልኝ። እኛ በሰፊው ሕዝብ ስም የተጻፈ ወረቀት ስናነብ ነው ጥርስ ያበቀልነው። ሰፊው ሕዝብ ግን ያንን ወረቀት ሲያይ ስኳር ይጠቀልልበት ነበር። የሴቶችን ጥያቄ በተመለከተ ስንት መግለጫ ያወጡ ጺማም ሰዎች አውቃለሁ! አንዳቸውም ጥያቄውን ካወጡ በኋላ ለመልሱ ዝም ብለው አልጠበቁም። ሙዘይንን ብቻውን አልወቅሰውም፤ እሱ ቢያንስ ድምፁን ለማቅጠን ይሞክራል።

ሥልጠና ተጀመረ። ሼሁ ተምር በአፉ እንዲይዝ አዘዙት። በተምሩ ላይ ዘፈነበት፤ የሴቷ ድምፅ ይበልጥ ጣፈጠ። ደሳለኝ ወንበር ላይ አስቀምጦ አንገቱን አረፋ ቀባና፣ የሴቷ ተራ ሲደርስ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አሳርፎ «እንግዲህ ዝፈና፣ ወንድሜ» አለው። ሠራ! ሙዘይን እንደ መቃብር ጸጥ አለ። ግን አንድ ባል ዕድሜውን ሙሉ ጉሮሮው ላይ ምላጭ ይዞ ሊኖር አይችልም። ይችላል የምትሉ አላችሁ፤ ስለ ራሳችሁ ቤት አልጠየቅኳችሁም።

መድኃኒቱን ያገኘው ራሱ ሙዘይን ነው። አንድ ቀን እየዘፈነ የመኪናው ቀበቶ ተበጠሰና እግሩ ቆመ። አፉም አብሮ ቆመ። እንደገና ሞከረው፤ እግሩ ሲረግጥ አፉ ይሄዳል፣ እግሩ ሲነሣ አፉ ይቆማል። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን የሚዘፍነው በእግሩ ኖሯል! እግሩን ከፔዳሉ አንሥቶ አየር ላይ ሰቀለና ዝም አለ። ደሳለኝ እንባ አውጥቶ አቀፈው።

ቀኑ ተቆረጠ። ወደ ግሸን ማርያም የሚሄዱ ተሳላሚዎች በመስከረም ሲያልፉ አውቶቡሶቹ ሐይቅ ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ፊት ከተባለ ከዚህ የበለጠ ሰው የለም። መንገዱ ተጨናነቀ፣ ነጠላ በነጠላ ሆነ። ሙዘይን መኪናውን ደጅ አወጣ። ረገጠ። ድው፣ ድው፣ ታክ። የወንዱን ስንኝ በደረቱ አወረደው። ጨረሰ። እግሩን አነሣ።

ጸጥ።

ሀኒያ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ሻሿን አስተካከለች። ትንፋሽ ሳበች። አፏን ከፈተች።

የሴቷ ስንኝም መጣ፤ ከአውቶቡስ መስኮት! ወንዱ የሚባል ሾፌር፣ ሪዙ እንደ መጥረጊያ የሆነ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሙሽራ በቀጠነ ድምፅ እስከ መጨረሻው አስነካው። ተሳላሚው እልል አለ።

ሎሚው መስኮቱን አልሳተም።

«ማን ጠየቀህ አንተ?» ጮኸች ሀኒያ።

«እህቴ፣ በማርያም፣ ባዶ ሆነብኝ!» አለ ሾፌሩ ወንዱ ግንባሩን እያሸ። «ሰው እንዴት ዝም ይላል?»

ሁለተኛ ቀን ተቆረጠ። አውቶቡሶቹ ከሄዱ በኋላ ሆነ። ባጃጆቹ ተመከሩ። የስልክ መሸጫው ድምፅ ማጉያውን ዘጋ። ደሳለኝ መንገዱ መሀል ቆሞ ሁሉንም በመቀሱ አስፈራራ። ሙዘይን ዘፈነ። እግሩን አነሣ። የሐይቅ ከተማ ትንፋሹን ዋጠ። ሀኒያ አፏን ከፈተች።

ከበስተኋላ አንድ ለስላሳ፣ የተረጋጋ፣ በደንብ የተሠራ ድምፅ ቀደማት። ሰው ሁሉ ዞረ። ሼህ ሙነወር ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ሙስበሃቸው በጣታቸው መሀል ቆሟል። ስንኙን ከነመገልበጫው፣ ከነማስረዘሚያው ጨርሰው ዓይናቸውን ሲከፍቱ ከተማው ፊታቸው ቆሟል።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ። «ይኼ ከየት መጣ?»

«ከደሴ ሲኒማ ቤት ነዋ፣ አባባ» አለ ደሳለኝ። «ሌላ ከየት ይመጣል?»

ሎሚ ይወረወራል ብለን አጎነበስን። ሀኒያ ግን ሳቀች። እስክታነባ ሳቀች፤ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ መንገዱን ተሻገረች። እስከዚያ ቀን ተሻግራው አታውቅም። ሙዘይን እግሩ አሁንም አየር ላይ እንደተሰቀለ ነበር፤ ማውረዱን ረስቶታል። አየችው።

«አብሽር፣ ሙዘይን። አንተ ተምረሃል» አለችው። ወደ እኛ ዞረች። «የቀራችሁ እናንተ ናችሁ። ቃሌ ቃል ነው። በተራዬ እመልሳለሁ ብያለሁ፤ ተራዬን ስጡኝ።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልሰጠናትም። ሙዘይን በየከሰዓቱ መኪናውን ደጅ ያወጣል፣ የራሱን ይላል፣ እግሩን ያነሣል። አንድ ቀን ባጃጅ ነጂ፣ አንድ ቀን ሽንኩርት ነጋዴ፣ አንድ ቀን የማያውቁት መንገደኛ፣ ሁልጊዜ አንድ የማያስችለው አለ። ዘፈኑን የማያውቅ እንኳ ያፏጫል። በሱቁ ግድግዳ ላይ አንድ የሴት ቀሚስ ተሰቅሏል፣ ለኒካሁ ቀን። ከአፉ ቃል ሳይወጣ የሰፋው ነው። ሁለቱ እጅጌዎቹ እኩል ናቸው፤ የትም አይሽኮረመሙም። አቧራ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኖታል፤ ላስቲኩን በየጊዜው እያነሣ ያያል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አዋጁ የወጣው ላንተ ነው። ከደሴ መጥተህ ሐይቅ መናኸሪያ ስትወርድ አንድ አጭር ሰው ደጅ ላይ ሲዘፍን ትሰማለህ። ዘፈኑን ምናልባት ታውቀው ይሆናል፤ ከዚህም የከፋ ነገር ይደርሳል። ሰውየው ይጨርስና እግሩን ያነሣል። መንገዱ ጸጥ ይላል። ከማዶ አንዲት ሴት ትንፋሽ ትስባለች። ያን ጊዜ ምላስህ ሥር አንድ ነገር ይበላሃል፤ ሁላችንንም በልቶናል። በነቢም በማርያምም ይዤሃለሁ፣ እሷ እስክትጀምር ድረስ ብቻ፣ አንተ እንኳ…

ለመሆኑ ትችላለህ?